«ወላጅ አምጡ»

ሰሞኑን ልጄ ስልኬ ላይ አንድ ፎርም ላከችልኝ። «አባዬ፣ ይቺን ፈርምልኝ» ይላል ከላይ። ሥራ ላይ ነበርኩ። የሽርሽር ወይ የክትባት ፎርም መስሎኝ ሳላነብ ልፈርም ስል አንድ ቃል ዓይኔን ያዘው። ተመልሼ አነበብኩት። ልጅቷ የጠየቀችው ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣት የአንድ ቀን ፈቃድ ነው።

የዓመት ፈቃድ አውቃለሁ። የወሊድ አውቃለሁ፣ የሕመም አውቃለሁ፣ የሐዘን አውቃለሁ። የሰልፍ ፈቃድ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አለ ለካ! እኛ ባለንበት ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ፣ ከ2020 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ) ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በዓመት አንድ ቀን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ቢቀር በፈቃድ እንደቀረ ይቆጠርለታል። በዓመቱ ደግሞ መላው ቨርጂኒያ ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። ሰልፍ ቢሉ ሰልፍ፣ ምክር ቤት ሄዶ ተመራጮችን ማናገር ቢሉ ማናገር። የሚያስፈልገው የወላጅ ፊርማ ነው።

«ወላጅ» የምትለዋን ሳይ ሆዴ ቦጭ አለ። በዚህ ዕድሜዬ። አገር ቤት የተማረ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ደሴ፣ አሥረኛ ክፍል። ክፍላችን ውስጥ 80 ገደማ ነበርን። አንድ ዴስክ ላይ አራት እንቀመጣለን፤ ዳር የደረሰው ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ነው። እሱ አላስመረረንም። ያስመረረን ጣሪያው ነበር። የደሴን ዝናብ የሚያውቅ ያውቃል። ቆርቆሮው ከሁለት ቦታ ተቀዶ ውኃው ደብተራችን ላይ ይወርዳል፤ ቲቸር ደግሞ ድምፁ ስለማይሰማ ዝናቡ እስኪያባራ ሰሌዳው ላይ ብቻ ይጽፋል። አምስት ሆነን ደብዳቤ ጻፍን። ጨዋ ደብዳቤ ነበረች። «ለተከበሩ» ብላ ጀምራ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብላ የምታልቅ። የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ጣሪያው ይደፈንልን።

በማግስቱ ጠዋት፣ ባንዲራ ተሰቅሎ ሳያልቅ፣ ስማችን ተጠራ። ስለ ጣሪያው ማንም አላነሳም። የተጠየቅነው «ማን ላካችሁ?» የሚል ነው። ማንም። «ማን አስጻፋችሁ?» ማንም። እንግዲያው ወላጅ አምጡ።

አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ መጣ። ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ «ልጅ ነው፣ ይማሩት» አለ። ከዚያ እዚያው ፊታቸው አንድ ጥፊ አቀመሰኝ። ዳይሬክተሩ ረካ፣ እኔም ወደ ክፍሌ መመለስ ተፈቀደልኝ። አባቴ ግን ክፍል አላስገባኝም። ፒያሳ ወስዶ ሻይ ቤት አስቀመጠኝና ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዘልኝ። ብርጭቆውን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» አለኝ።

«አባ፣ ጣሪያ እኮ ነው» አልኩት።

«ያም በጣሪያ ነው የጀመረው።»

«ያ» የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። በ1970 ዓ.ም. ደብተሩን ይዞ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰውን። ቤታችን ውስጥ ፎቶው እንጂ ስሙ አይነሳም ነበር።

እናም ያቺ ፎርም ስትመጣ ያስታወስኩት ይህን ሁሉ ነው። ለልጄ «እስቲ ማታ እናወራለን» ብዬ መለስኩላት። እሷም ስትጽፍ ፈጣን ናት፤ «አባዬ፣ ትምህርት ቤታችን እኮ ስሙ ራሱ ከዚህ የመጣ ነው» አለችኝ።

ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ያላችሁ ትምህርት ቤቱን ታውቁታላችሁ። ሐበሻ የሞላበት ነው። ዛሬ ስሙ ጀስቲስ ሃይስኩል ነው። እኔ እዚህ ሰፈር ስገባ ግን ጄ.ኢ.ቢ. ስቱዋርት ይባል ነበር። ስቱዋርት ማለት ባርነት እንዳይቀር የተዋጋው የደቡቦቹ ጦር የፈረሰኛ ጄኔራል ነው። ስንቱ የኛ ልጅ የሱን ስም የለበሰ ቲሸርት አድርጎ ኳስ ተጫውቷል! እኔ ራሴ የስቱዋርትን ማንነት ያወቅኩት ስሙ ሊቀየር ነው ተብሎ ሰዉ ሲጨቃጨቅ ነው። በ2018 ተቀየረና «ፍትሕ» ተባለ። ስሙ የሦስት ሰዎች መታሰቢያ ነው። አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ። አንዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና ኮሎኔል ሉዊስ ሜንዴዝ ነው። ሦስተኛዋ ባርባራ ሮዝ ጆንስ ናት። እሷን አላውቃትም ነበር።

ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭኜ ባርባራ ወደ ተማረችበት ወደ ፋርምቪል ሄድኩ። ከኛ ሰፈር ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎና ሻይ በፔርሙስ ይዛለች። ጉዞ ይሁን ፍርድ ቤት አልገባኝም፤ ከኋላ ልጄ እንደ ጠበቃ ትናገራለች።

ፋርምቪል ትንሽ ከተማ ናት፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባል ካውንቲ ውስጥ። የድሮው የጥቁሮች ሃይስኩል፣ ሮበርት ሩሳ ሞተን፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ፎቅ የሌለው የጡብ ቤት ነው። ስናየው «ይሄ ነው?» አልኩ። ሲሠራ በ1939 ለ180 ተማሪ ነበር። በ1951 ከ450 በላይ ታጭቀውበታል። ጂም የለ፣ ካፍቴሪያ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ። ካውንቲው ሌላ ሕንፃ ሥሩልን ሲባል ግቢው ውስጥ ጣውላ አቁሞ ሬንጅ የተቀባ ወረቀት አለበሰበትና «በሉ ተማሩ» አለ። የከተማው ሰው የዶሮ ቤት ይላቸው ነበር። ውስጡ ምድጃ አለ። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ይቃጠላል፣ በር አጠገብ ያለው ካፖርቱን አያወልቅም። ዝናብ ሲጥል ያፈሳል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ይማሩ ነበር።

እዚህ ላይ ልጄ ዞራ አየችኝ። የደሴውን ጣሪያ በመንገድ ላይ አውርቼላት ነበር።

የነጮቹ ሃይስኩል እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ ያልኳችሁ የሌለው ሁሉ እዚያ አለ። ባርባራ ይህን በየቀኑ ታያለች። አባቷ ገበሬ ነው። እናቷ ለሥራ ዋሽንግተን ስለምትሆን ታናናሾቿን ማብላትና አልብሶ መላክ የሷ ድርሻ ነበር። (እናት ከተማ ሠርታ ትልካለች፣ ልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ከቤይሩትና ከሪያድ የሚላክ ገንዘብ ያሳደገው ሰው ይህን ማስተርጎም አያስፈልገውም።) አንድ ቀን ጠዋት ታናናሾቿን ስታጣድፍ ምሳዋን ረስታ ተመለሰች፤ አውቶቡሱ አመለጣት። መንገድ ዳር ቆማ ሊፍት ስትጠብቅ የነጭ ተማሪዎች አውቶቡስ መጣ። ግማሹ ባዶ ነው። አልፏት ሄደ።

ለሙዚቃ መምህሯ ብሶቷን ስትነግራት መምህሯ «ታዲያ ለምን አንድ ነገር አታደርጊም?» አለቻት። ባርባራ መጀመሪያ ቅር አላት፤ የናቀቻት መሰላት። በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቃትም። ጫካ ገብታ አሰበች፣ ጸለየች። ከዚያ የተማሪ መሪዎችን አንድ በአንድ እየመረጠች በድብቅ ሰበሰበች። ወላጅ አልሰማም፣ አስተማሪ አልሰማም። 16 ዓመቷ ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 1943 ዓ.ም. በኛ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1951 በነሱ። (በዚያ ሳምንት የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲጓዝ ባሕር ላይ ነበር። ከአሜሪካ ጦር ጎን ሊሰለፍ ነው። እነሱ ስለ ዓለም ነፃነት ይሄዳሉ፣ እዚህ ልጆች ጃንጥላ ዘርግተው ሒሳብ ይሠራሉ። ዓለም እንዲህ ናት።) ለርዕሰ መምህሩ ስልክ ተደወለ፤ «ተማሪዎችህ አውቶቡስ ተራ ከፖሊስ ጋር ተጣልተዋል፣ ቶሎ ድረስ»። ሰውየው ጆንስ ይባላል፣ ደግ ሰው ነው፣ እየበረረ ሄደ። እሱ እንደወጣ በየክፍሉ ወረቀት ዞረ፤ ሁላችሁም ወደ አዳራሽ። ሥሩ ላይ «ጄ» የምትል ፊደል ተፈርማለች። ርዕሰ መምህሩ የሚፈርማት እሷን ነው። የባርባራም የአባት ስም በዚያችው ፊደል ስለሚጀምር፣ እንደው ከተባለ ውሸት አልነበረም።

አዳራሹ ዛሬም አለ። መድረኩም አለ። ፊት ለፊት ተቀመጥን። መጋረጃው ሲከፈት ርዕሰ መምህሩን የጠበቁት 450 ልጆች ያዩት ባርባራን ነው። አስተማሪዎቹን በትሕትና ውጡልን አለቻቸው። አንገራገሩ። ያኔ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚውን ቷ አደረገችው። ወጡ።

ይህን ስትሰማ ባለቤቴ ሳቀች። እኔ ግን በውስጤ የደሴውን ዳይሬክተር መድረኩ ፊት አቁሜ ጫማ ቷ ሲልበት እያሰብኩ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ልጆቹ ወጡ። ሁለት ሳምንት አልተመለሱም። መጀመሪያ የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ እንደነጮቹ ያለ ሕንፃ ሥሩልን። ባለሥልጣኑ «ወደ ክፍላችሁ ካልገባችሁ አናናግራችሁም» አለ። የከተማው ነጭም ያለው እኔ የማውቀውን ነው፤ «ማን ላካቸው?» ልጅ ይህን አስቦ አይሠራም፣ ከጀርባው ሰው አለ። ጥርጣሬው ርዕሰ መምህሩ ላይ አረፈና የሰውየው ውል ሳይታደስ ቀረ። ልጆቹ ያታለሉት ሰው፣ የላካቸው እሱ ነው ተብሎ ተባረረ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ለካ የኛ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደምወዳት ክፍል ልግባ። ልጆቹ በወጡበት ቀን ሪችመንድ ላሉ ሁለት ጠበቆች ደብዳቤ ጻፉ። ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን። የኤን.ደብል.ኤ.ሲ.ፒ.፣ የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቆች ናቸው። በነዚያ ዓመታት የተከመረባቸው ክስ አያስተኛም። ጠበቆቹ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ፋርምቪል ተገኙ። ሐሳባቸው ልጆቹን መክሮ ወደ ክፍል መመለስ ነበር። ልጆቹን ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም። ሥርዓት ያላቸው፣ የሚፈልጉትን የሚያውቁ ልጆች ናቸው። «እሺ፣ እንይዝላችኋለን። ግን እኛ የተሻለ የጥቁር ትምህርት ቤት ብለን አንከስም። የምንከሰው ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ መማሩ ይቅር ብለን ነው። ደግሞ ወላጆቻችሁ ይስማሙ» አሏቸው።

ወላጅ አምጡ ማለት ነው እንግዲህ! ያችው ቃል። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህን ሳነብ ለደቂቃ ያህል ከቦታዬ አልተነሳሁም። እኔ ጋ ወላጅ የተጠራው ልጁን እንዲቀጣ ነው። እነሱ ጋ የተጠራው ልጁ የጀመረውን እንዲፈርም ነው። ወላጆቹም መጡ። የሚገርመው መፍራታቸው ነው። መሬታቸው ተበድረው የሚያርሱት ነው፣ ባንኩ የነጭ ነው፣ ሥራቸው የነጭ ነው። እያንዳንዷ ፊርማ ዋጋ አላት። አባቴ ደሴ ላይ የነበረበት ፍርሃት እነሱም ላይ ነበረ፣ ምናልባትም ባሰ። ትምህርት ቤቱ ግቢ መስቀል ነዶ ሲቃጠል አይተዋል፤ እዚያ አገር መስቀል ሲቃጠል ደመራ አይደለም፣ ትገደላላችሁ ማለት ነው። እያዩ ፈረሙ። ሜይ 23 ክሱ ገባ። ከሳሾቹ 117 ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ ስም የአንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ስለነበር ክሱ በሷ ተጠርቶ «ዴቪስ» ተባለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 17 ቀን 1954፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ክሶችን በአንድ ላይ አይቶ በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ዓለም «ብራውን» ብሎ የሚያውቀው ውሳኔ ነው። ከአምስቱ በተማሪ አድማ የተጀመረው የነባርባራ ብቻ ነው። በቁጥርም ቢሆን አብዛኛው ከሳሽ ከፋርምቪል ነበር። ከ11 ቀን በኋላ ጃንሆይ እዚሁ ዋሽንግተን መጥተው ለአሜሪካ ምክር ቤት ንግግር አደረጉ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቨርጂኒያ በ1909 ያቆመችው የደቡቦቹ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሊ ሐውልት ነበረ። ስለሱ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

የአሜሪካን ነገር ሳወራ የማልወደው አንድ ልማድ አለን። ታሪኩን እዚህ ላይ እንቆርጠዋለን። ልጅቷ ጠየቀች፣ ፍርድ ቤቱ ሰማ፣ አገሩ ተስተካከለ፤ «እኛ አገር ቢሆን ኖሮ...» እንላለን። ቡና ላይ ይጣፍጣል። ቀጥሎ የሆነው ግን ይህ ነው።

ባርባራ የመጨረሻ ዓመቷን እዚያ አልጨረሰችም። ወላጆቿ ለሕይወቷ ሠግተው አላባማ፣ ሞንትጎመሪ፣ አጎቷ ጋ ላኳት። አጎቷ ቨርነን ጆንስ ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በኋላ የተረከበው ቤተ ክርስቲያን ፓስተር። በ1955 የነባርባራ ቤት ተቃጠለ። ካውንቲው ደግሞ ክሱን ያበርድልኛል ብሎ በ1953 አዲስ የጥቁር ሃይስኩል ሠራ። መጀመሪያ የተጠየቀው ሕንፃ መጣ ማለት ነው፤ ግን ጥያቄው ከሕንፃ አልፎ ሄዷል። በመጨረሻ በ1959 አብራችሁ አስተምሩ ተብሎ መውጫ ሲያጣ ካውንቲው ምን አደረገ? የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። አምስት ዓመት። ለነጭ ልጆች የግል አካዳሚ ተከፈተ። ከ1,500 በላይ ጥቁር ልጆች ቤት ቀሩ። ዘመድ ያለው ልጁን ሌላ ካውንቲ ላከ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች የተወሰኑትን ሌላ ስቴት ወስደው በሰው ቤት አስጠግተው አስተማሩ። ብዙዎቹ ግን እርሻ ላይ ዋሉ፤ ሲከፈት ዕድሜያቸው አልፏል። የተከፈተውም በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደገና ፈርዶ ነው።

ይህን ስጽፍ የልጄ ትምህርት ቤት በስቱዋርት ስም የተከፈተው በዚያችው በ1959 መሆኑ ትዝ አለኝ። እዚያ እየዘጉ፣ እዚህ በጄኔራሉ ስም ይከፍታሉ።

ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ተዘጋባቸው ልጆች የሚያወራው ክፍል ጋ ባለቤቴ ብዙ ቆየች። የእህቷ ልጆች ወልዲያ ናቸው። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ዓመታት፣ አማራ ክልል ውስጥ ከዚያ ወዲህ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት አንዱን ክፍል ሁለት ሦስት ዓመት የቆጠረ ልጅ እያንዳንዳችን ዘመድ ውስጥ አለ። ከመኪና ወርደን ለመግባት የቸኮለችው እሷ ነበረች፤ ስንወጣ ግን ዝም ብላ ነበር። ፋርምቪል ላይ ያ ትውልድ የክብር ዲፕሎማ የተሰጠው በ2003 ነው። አባቶችና አያቶች ሆነው ጋዋን ለብሰው ተቀበሉ። «የኛዎቹንስ ማን ይጠራቸው ይሆን?» አለችኝ መኪና ውስጥ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላም ያሰብኩት ነገር አለ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አይቼዋለሁ። የአባቴን ወንድም ፎቶ ግድግዳው ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ማየት የከበደኝ የራስ ቅሉና አጥንቱ ነው። ያ ሙዚየም ልጆቹ እንዴት እንደሞቱ በደንብ ይነግርሃል። ፋርምቪል ያለው ደግሞ ልጆቹ ምን እንደጠየቁ ይነግርሃል። ምድጃው፣ ጣውላው፣ የአዳራሹ ወንበር። የኛ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ ስንቶቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ? የት ተሰበሰቡ? ማን መፈክሩን ጻፈ? ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. እንደተገደለ ሁላችንም እናውቃለን። ከመገደሉ በፊት ስላለው ሕይወቱ ስጠይቅ ግን አብዛኛው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም፤ እኔም አልሞላም። ያን ትውልድ ወይ እንራገማለን፣ ወይ እናመልካለን። ቁጭ ብለን አናነበውም።

ባርባራ እኮ ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ነው የኖረችው። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ፓስተር አገባች፣ አምስት ልጆች ወለደች፣ ፊላደልፊያ የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ሆነች። በ1991 በ56 ዓመቷ አረፈች። ታዋቂ ልሁን አላለችም። በቅርቡ በምክር ቤቱ የሆነውን አላየችም። እያንዳንዱ ስቴት ዋሽንግተን ካፒቶል ውስጥ ሁለት ሐውልት ያቆማል። የቨርጂኒያ ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄኔራል ሊ ነበሩ። ሊ በዲሴምበር 2020 ተነቅሎ ወጣ። በዲሴምበር 2025 በሱ ፋንታ የባርባራ ሐውልት ተመረቀ። ስለዚህ ዛሬ ቨርጂኒያን የሚወክሉት የአገሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትና የ16 ዓመት ልጅ ናቸው። ይህም ቢሆን ያለቀ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሜይ 2024 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ካውንቲ፣ የትምህርት ቦርዱ የተነሱትን የደቡብ ጄኔራሎች ስም ትምህርት ቤቶቹ ላይ መልሶ ለጥፏል። ይገፋሉ፣ ይገፋሉ።

ስለ ራሳችን ደግሞ አንድ ትዝብት አለችኝ፤ ስድብ አታድርጉብኝ። እኛ የዲያስፖራ ወላጆች ስለ አገር ቤት ሰልፍ ሲጠራ ልጅ ጫንቃ ላይ ጭነን፣ ባንዲራ አስይዘን ዋይት ሃውስ ፊት እንቆማለን። ብርድ የለ፣ ዝናብ የለ። ያው ልጅ አድጎ ስለ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ እወጣለሁ ሲል «አርፈህ ተማር! ለዚህ ነው ያመጣንህ?» እንለዋለን። የጥቁር አሜሪካዊ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ «እነሱ ናቸው፣ እኛ አይደለንም» የሚል አለ፤ ታክሲ ውስጥም ሰምቼዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሰምቼዋለሁ። ኮታው ለአውሮፓ ሰው ያደላ የነበረውን የኢሚግሬሽን ሕግ በ1965 ያፈረሰው እነሱ ያነሱት የመብት ማዕበል እንደሆነ ግን አንናገርም። ከዚያ በፊት ዲቪ የሚባል ነገር ማንም አላለመም።

አባቴ ላይ ግን አልፈርድም። ይህን ሁሉ አንብቤም አልፈርድም። ሁለት ጠበቃ ከሪችመንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይመጣል ብሎ የሚያስብበት አገር ላይ አልነበረም። እሱ የሚያውቀው የሚመጣው ሌላ መሆኑን ነው። ቦምቦሊኖውን የገዛልኝ ይቅርታ ሊለኝ እንደነበር የገባኝ ራሴ አባት ስሆን ነው።

እሑድ ማታ ደወልኩለት። ስለ ፎርሙ ነገርኩት። ጆሮው ትንሽ ስለደከመ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «መንግሥት ነው የፈቀደላት?» አለ። አዎ አልኩት። «ደብተሯ ላይ አይጻፍባትም?» አይጻፍም። ዝም አለና «ጣሪያቸው ያፈሳል እንዴ?» አለኝ።

ፈረምኩ። ጠዋት ስትወጣ ኮፍያ ያለው ጃኬቷን እንድትይዝ ነገርኳት፤ ዝናብ ይጥላል ብሎ ነበር።